ብቸኛ ሞገድ ሚስት ሲፈልግ

ሽማግሌ ሆናችሁ ተልካችሁ ታውቃላችሁ? ካልተላካችሁ አትቸኩሉ። እኔ የተመረጥኩት ፀጉሬ ስለሸበተ መስሎኝ ነበር። ለካ ፊዚክስ አስተማሪ ስለነበርኩ ነው።

የላከን በረከት ይባላል። የአሥራ ስምንት ማዞሪያ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ ያጠናል። የሚወዳት ሕይወት ቤቷ ቀራንዮ ነው። አባቷ ጋሽ ወርቁ አየር ጤና ጋራዥ ያላቸው መካኒክ ናቸው። በልጃቸው ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ከእኛ በፊት የመጡትን ሽማግሌዎች "እናስብበታለን" ብለው ሸኝተው፣ ይኸው እስከ ዛሬ እያሰቡበት ነው።

ጭንቀታችን የልጁ ሥራ ነው። ኢንጂነር ቢሆን አንድ ቃል ይበቃል። ሐኪም ቢሆን አባትየው ወገባቸውን ያሳዩትና ነገሩ ያልቃል። በረከት ግን የሚያጠናው ሶሊቶን ነው። ሶሊቶን ምን መሰላችሁ? ሞገድ ነው። ተራ ሞገድ እየሄደ ይሰፋል፣ ይሳሳል፣ ይጠፋል፤ ልክ እንደ ኮሚቴ ውሳኔ። ሶሊቶን ግን ቅርጹን እንደያዘ ይጓዛል። የሚበትነው ኃይልና የሚሰበስበው ኃይል እኩል ስለሚጓተቱበት ነው። በረከት ይህንን ሞገድ እጅግ በቀዘቀዙ አቶሞች ውስጥ ያሳድደዋል። ማሳደዱ ታዲያ ወረቀት ላይ ነው፣ በእኩልታ።

መሪያችን ጋሽ መንግሥቱ ንግግር አዋቂ ናቸው። ይህንን እሳቸውም ያውቁታል፤ ችግሩም ይኸው ነው። "ሶሊቶን" የሚለውን ስም አልወደዱትም። የመድኃኒት ስም ይመስላል፣ ልጁን በሽተኛ ያስመስልብናል አሉ። በአማርኛ ንገረኝ ብለው ያዙት። በረከትም ሳይጠረጥር "ብቸኛ ሞገድ ልንለው እንችላለን" አላቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። ሦስተኛችን የበረከት የነፍስ አባት ናቸው። እንደ ወጉ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን፤ ከዚያ ተቀመጥን። ጋሽ ወርቁ የልጁን ሥራ ጠየቁ።

ጋሽ መንግሥቱ "ተመራማሪ ነው" ብለው ማቆም ይችሉ ነበር። አላቆሙም።

"ብቸኛ ሞገድ ነው የሚያጠናው። ግሩም ነገር ነው! ከሌላው ጋር ቢገናኝ እንኳ አይለወጥም። አልፎት፣ እንደ አመጣጡ መንገዱን ይቀጥላል።"

"ብቸኛ?" አሉ ጋሽ ወርቁ።

"ብቸኛ!" አሉ ጋሽ መንግሥቱ፣ በኩራት።

"እና ልጄን አልፏት ሊሄድ ነው የላካችሁ?"

በጓዳው መጋረጃ ሥር የሕይወት ጫማ ይታየኛል። ጫማው ወደ እኛ አንድ እርምጃ ተጠጋ። "እናስብበታለን" የምትለዋ ቃል የጋሽ ወርቁ ከንፈር ላይ ደርሳለች። ምን ላድርግ? ገባሁበት።

"ጋሽ ወርቁ፣ ብቸኛው ሞገዱ እንጂ ልጁ አይደለም። ደግሞ የሚያስደንቀው ሁለት ሲሆኑ ነው። ፊት ለፊት ይጋጩና፣ ማንም ማንንም ሳያጠፋ፣ ሁለቱም እንደነበሩ ይወጣሉ።"

"የማይሆን ነገር!" አሉ። "የተጋጨ ሁሉ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። እንደነበረ የወጣ አላየሁም።"

ይሄኔ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ከጓዳ ብቅ አሉ።

"ለምን አይሆንም ወርቁ? እኔና አንተስ? ስንት ዘመን ስንጋጭ ምን ተለወጥክ?"

"አንቺስ ተለውጠሻል?"

"እኔ? ምን በወጣኝ!"

ሁሉም ሳቀ። እዚህ ላይ ዝም ብል ደግ ነበር። ግን አስተማሪ ነኛ፤ ጎዶሎ መልስ ያሳክከኛል። እውነቱን ለመናገር አንድ ነገር ይለወጣል አልኩ። ከግጭቱ በኋላ ሁለቱም መገኘት ከነበረባቸው ቦታ ፈቀቅ ብለው ነው የሚገኙት።

"ይኸውላችሁ!" አሉ እትዬ አልማዝ እያጨበጨቡ። "እሱም ከተጋጨን በኋላ የሚገኘው ሶፋው ላይ ነው።"

ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁን።

"ልጁ ሶፋ አለው?"

"አለው!" አልን እኔና ጋሽ መንግሥቱ እኩል። የልጁ ቤት ካለ ፍራሽና መጽሐፍ ምንም እንደሌለበት ሁለታችንም እናውቃለን። የነፍስ አባቱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

"እንግዲያው ሰጥተናል" አሉ ጋሽ ወርቁ።

በማግስቱ በረከትን ይዤ ሶፋ ፍለጋ ወጣሁ። ቀለሙንም ጨርቁንም አልጠየቀም። ጫማውን አወለቀና፣ እግሩን ዘርግቶ ተኝቶ ለካው።