የተከበረ ሰው ምሳ

ከተማን ማሞገስ ልጅ እንደ መዳር ነው፤ ዓይኗን፣ ጥርሷን፣ ሙያዋን ትዘረዝራላችሁ እንጂ ኩርፊያዋን ማን ይናገራል? እኔም፣ መልካም አስተዳደር ከቁርስ እስከ እራት በሚወራበት በዚያ ዘመን፣ የፍኖተ ሰላም ከተማ ሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነበርኩና ባለሙያ ማማለል ሥራዬ ነበር። አየሯን፣ ማንጎዋን፣ ጸጥታዋን፣ የቤት ኪራይዋን ርካሽነት አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ሰብኬአለሁ። ሚስቴ ትምህርት ቤት ፍለጋ ልጆቹን ይዛ ባሕር ዳር መግባቷን ግን በስብከቱ አላስገባሁትም። ሲመሽ ቤቱ ይከብደኝ ነበር፤ እሱንም አላስገባሁትም።

አንድ ሰው አመነኝ። ወጣት የማህፀን ሐኪም ነው። እሱ እስኪመጣ ድረስ ምጥ የጠናባት ሴት ከሰከላ በቃሬዛ ወርዳ እኛ ጋ ስትደርስ «ወደ ደብረ ማርቆስ» ትባል ነበር፤ መንገድ ላይ የቀረችም አለች። እሱ ከመጣ ወዲህ እዚሁ መገላገል ሆነ።

ስለዚህ አከበርነው። ጎጃም ሲያከብር ደግሞ ልክ የለውም። ምግብ ቤት ብቅ ሲል ሁላችን ብድግ! «ኧረ በማርያም!» ይላል፤ ማን ሰምቶት? ደህናውን ጠረጴዛ ለቅቀን፣ አስወልውለን፣ ለብቻው እናስቀምጠዋለን። «ዶክተሩን እንዳታደክሙት» እንባባላለን። አንድ ቀን እኛ ዘንድ ሊቀመጥ ወንበር ሲስብ፣ ሳህናችንን ይዘን ተነሣንለት። ከሰው ጋር ሊበላ የመጣ ሰው ጠረጴዛ ወረሰ።

ማታ ማታ ደግሞ እኔ በወዲያ ጥግ ብቻዬን፣ እሱ በወዲህ ጥግ ብቻውን፣ ሽሯችንን እንበላለን። ሄጄ አብሬው ልቀመጥ እልና፣ በስንት ልመና የመጣን ሰው ማስቸገር ነውር ይመስለኛል። ሁለታችንም ሆድ ብሶን ነበር።

ዝውውር ጠየቀ። ሽማግሌ ብንልክም አልሆነም። በሽኝቱ ቀን ሙክት ታረደ፤ ልጃቸውን ከነሕፃኗ ያተረፈላቸው አያ ታከለም ከገጠር መጥተው ጎኑ ተቀመጡ። ስንብት ነውና ማንም አልተነሣም፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ከአንድ ትሪ በላን።

«ጉረስ እንጂ፣ የኔ ልጅ! እንግዲህ ዓይንህን መቼ እናየው ብለህ ነው?» ብለው አያ ታከለ ያን የሚያህል ጉርሻ አጎረሱት።

ዶክተሩ እንደ ምንም ዋጠው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እዚህ አገር ከገባሁ ያጎረሰኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ይህን ምሳ ስመጣ ብታበሉኝ ኖሮ የት እሄድ ነበር?»

ሳቅን፤ እየሳቅንም አፈርን።

«ታዲያ አሁን ይቅሩልና!» አልኩት።

«ለሌላ ሆስፒታል ቃል ሰጥቻለሁ» አለኝ።

በማግስቱ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ መጣች፤ እንደ ድሮው ወደ ደብረ ማርቆስ ተባለች። ባሏ መኪና ፍለጋ ሲሮጥ ቆሜ አየሁት።

ግምገማ ተጠራ። ሐኪሙ ለምን ሄደ? እጄን አውጥቼ «ብቻውን ስላበላነው ነው» አልኩ። ሰብሳቢው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው፤ ክብር አጉድለንበታል» አሉ። ለሚቀጥለው ሐኪም ከጎረቤት የራቀ፣ አጥሩ ረጅም የሆነ ግቢ እንዲሰጠው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።