ጠላው የገሳይ አይደለም ተባለ

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ቆይ፣ አትዘኑልኝ፤ የሚታዘነው ገና ወደፊት ነው።

ደብረ ታቦር ላይ ኬሚስትሪ ማስተማር ክፍል ገብቶ መውጣት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማር የገዛ ሁሉ ስኳር አለበት ወይ እያለ በሬን ያንኳኳል። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን የኔታ፣ የቆሎ ተማሪዎቹ መምህር፣ ከገበያ የገዙትን ቅቤ ይዘውልኝ መጡ። ሙዝ ተቀላቅሎበት እንደሆነ እንድመረምርላቸው ነው። የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ያለው አንድ የመስታወት ቱቦ ነው፣ እሱም የጠመኔ ማስቀመጫ ሆኗል ብላቸው አላመኑኝም። «ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ምን ተማርህ?» አሉኝ።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ዋናውን ነገር ላለማውራት ነው። ይሁን፣ ላውራው።

አስረበብ የምትባል የአክስቴ ልጅ አለችኝ፤ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ያለችው የትንሿ ከተማ፣ የገሳይ ልጅ። አረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ተመለሰች። ሁለተኛ አልሄድም ብላ ማለች። የላቧን ሁሉ በጋንና በጌሾ ላይ አፈሰሰችው፤ ጠላ ጠምቃ ልትኖር። ስለ ጠላዋ እውነቱን ልናገር፤ ሁለተኛውን ብርጭቆ ሳትጨርሱ የማታውቁትን ሰው ወንድሜ ትላላችሁ። ባሕር ዳር ያለ አንድ ሆቴል ቀመሰና ወደደው። በጠርሙስ አሽጎ «የገሳይ ጠላ» ብሎ ሊሸጠው ፈለገ። ግን የገሳይ ለመሆኑ ማስረጃ አምጡ አለ።

ማስረጃ? የጠላ ማስረጃው ጠጪው አልነበረም እንዴ? እኔ ጥልቅ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ውሃ የወጣበትን መሬት ማዕድን ይዞ ይመጣል፣ ጠላ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ጠላውንና የምንጩን ውሃ አዲስ አበባ ላብራቶሪ እንልካለን፣ ከተመሳሰሉ አለቀ ብዬ አክስቴንም ሆቴሉንም አሳመንኩ። ምርመራ አይዋሽም አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

አክስቴ ጠላውን በአንድ ጠርሙስ፣ ውሃውን በሌላ አድርገው ሰጡኝ። ላክኩት። ውጤቱ ለእኔም ለሆቴሉም መጣ። ጠላው የተጠመቀው አብሮት በተላከው ውሃ አይደለም ይላል። በአጭሩ፣ የገሳይ አይደለም።

በማግስቱ ገሳይ ሄድኩ። ውሃውን ከየት ቀዱት ብዬ አክስቴን ጠየቅኳቸው። ጉልበታቸውን እያሹ ወደ ጥግ አመለከቱኝ። አንድ ቢጫ ጀሪካን። ለጉልበታቸው ጠበል ብለው ከወንዛዬ ፍል ውሃ ያመጡት!

«ለምርመራ ይሄዳል አላልኸኝም?» አሉ። «ከብት የሚጠጣውን የምንጭ ውሃ አዲስ አበባ ድረስ ልኬ አገሬን ላሰድባት? ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው እንጅ የሚባል! ከቤቴ ካለው ደኅናውን ሰጠሁህ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እንግዳ ሲመጣ አሮጌውን ደብቀን አዲሱን የምናነጥፍ ሰዎች ነን። ላብራቶሪውም እንግዳ መስሏቸው ነው። የወንዛዬ ፍል ውሃና የገሳይ ምንጭ ደግሞ በማዕድናቸው ሰማይና ምድር ናቸው። ማሽኑ እውነቱን ተናገረ። እውነቱን ተናግሮ ቤት አፈረሰ።

ሆቴሉ ዘንድ ሮጥኩ። ሥራ አስኪያጁ ትሑት ሰው ነው። እያዘነ፣ አሁን ሌላ ውሃ ይዛችሁ ብትመጡ ማን ያምናችኋል አለኝ። ለካ ሌላ ሰው አግኝቷል! ከገሳይ ውሃ በቦቴ እያስጫነ እዚያው ባሕር ዳር የሚያስጠምቅ ነጋዴ ነው። የሱ ተመርምሮ የገሳይ ሆኖ ተገኝቷል፤ በማኅተም። ገብሱ ከየት እንደመጣ፣ የጠመቀው እጅ የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ብለምን፣ ባስረዳ፣ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ሆነብኝ።

አስረበብ አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ በወደድኩ። ጋኖቹን አጥባ በአፋቸው ደፋቻቸው፤ ፓስፖርቷን አሳደሰች። እኔም በዕውቀቴ ተስፋ የቆረጥኩት ያን ጊዜ ነው።

የሄደች ዕለት፣ መኪናው ሊነሣ ሲል፣ አክስቴ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አቀበሏት። «እንኪ ልጄ፣ ይኸ እንኳ የምንጫችን ነው፤ እኔው ራሴ ቀድቸዋለሁ። እዚያ ስትደርሽ ትጠጭዋለሽ» አሏት። አስረበብ ጠርሙሱን አቅፋ አለቀሰች።

አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻው ላይ ውሃ እንደማያሳልፉ አውቃለሁ። አልተናገርኩም።