የጋሽ ፈዬራ አሥራ ሁለተኛ ቤት

ጋሽ ፈዬራ በየጠዋቱ ደጃፋቸው ላይ ቆመው መነጽራቸውን ያወልቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር። እፍ፣ ጥርግ፤ ደግመው እፍ፣ ጥርግ። ያጠልቁትና ወደ ወለንጪቲ መንገድ አሻግረው ያያሉ፤ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ እንደገና ያወልቁታል። ጭጋጉ ያለው መስታወቱ ላይ ሳይሆን ዓይናቸው ውስጥ ነበር። ይህን ግቢው በሙሉ ያውቃል። እሳቸውም ያውቃሉ።

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ፍየልዎ ለምን እንደጠፋች፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ለምን እንዳልወጣልዎት፣ ልጅዎ ለምን ማትሪክ እንደወደቀ ሰማዩን ጠይቆ የሚነግርዎ ሰው ማለቴ ነው። እኛ ሰፈር የለም ካሉ ገና አልተዋወቁትም፤ ወይም ይቅርታ ያድርጉልኝና ሰውየው እርስዎ ነዎት። አዳማ ውስጥ እኛ ግቢ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ጋሽ ፈዬራ ናቸው። የሾማቸው የለም፤ የሚሽራቸውም አልተገኘም።

ጋሽ ፈዬራ ሠላሳ አንድ ዓመት በቀበሌ የቤቶች ክፍል ሠርተዋል። በየበሩ ላይ ቁጥር የጻፉ፣ ስንቱን ተከራይ ከስንቱ አከራይ ያስታረቁ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ በምድር ያለው ቤት አለቀባቸውና ወደ ሰማይ ወጡ። የሰማዩ ሥራ ቀላል ነው፤ እዚያ ያሉት ቤቶች አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። እሳቸው እንደሚያስረዱት ሰው ሲወለድ ሰማዩ አሥራ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንደኛው ቤት ራስህ ነህ፤ ሁለተኛው ሀብትህ፣ አራተኛው እናትህ፣ ሰባተኛው ትዳርህ። በተወለድክበት ሰዓት ኮከቡ የተገኘበትን ቤት እንደ ተከራይ ይይዝና ዕድሜ ልክህን አይለቅም።

ሌላ ኮከብ ቆጣሪ ስለ ሁሉም ቤት እኩል ያወራል። ጋሽ ፈዬራ አሥራ አንዱን በሁለት ደቂቃ ያልፏቸውና አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ይሄ የጓሮ ቤት ነው» ይላሉ። «እንግዳ አይገባበትም።» የተሰወረ ጠላት፣ እስር፣ ሆስፒታል፣ ብቸኝነት፣ ሰው ሳያይ የሚለቀስ ልቅሶ፣ ሁሉም ያለው እዚያ ነው። እንዲህ ሲሉኝ የየትኛው ኮከብ ነገር ነው ብዬ የጠየቅኩ እንደሆነ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ኮከቡን ተይው፣ ቤቱን እይ።»

ነፋስ የአንዱን ጎረቤት ቆርቆሮ ገንጥሎ ቢወስደው ቆርቆሮው የተገዛበትን ሰዓት ይጠይቃሉ። ባጃጅ የሚነዳው ደሊል በር ላይ ጎማው ሲፈነዳበት ጎንበስ ብለው እያዩት አሥራ ሁለተኛው ቤቱ ውስጥ ማርስ እንዳለ አረዱት። ደሊል እኔ ያየሁት ሚስማር ነው አላቸው።

«ሚስማሩን ማን ላከው?» አሉ ጋሽ ፈዬራ።

ደሊል ጎማውን መፍታት ያዘ። ደግሞስ ምን ይበል፤ ኮከብ የሚቆጥረውን አፕ ስልካቸው ላይ የጫነላቸው ራሱ ነው።

ጨርቅ ነጋዴዋ ፈውዚያ ሃይማኖቷ ይህን ነገር እንደማይፈቅድ ታውቃለች። ለማመን ሳይሆን ለመሳቅ ነው ብላ አንድ ቀን ተጠጋች። ጋሽ ፈዬራ የተሰወረ ጠላቷ በባሏ ወገን ያለች ሴት መሆኗን ነገሯት። ፈውዚያ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የባሏን እህት ሰላም ማለት ተወች።

አሠራራቸው የጥንቁቅ ሰው ነበር። የልደቱን ቀን ከኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ሲመልሱ በወረቀት ይደምራሉ፣ ይቀንሳሉ፣ ጳጉሜን ሳይረሱ። ዘመኑ ጳጉሜ ስድስት ቀን የምትሆንበት መሆን አለመሆኑን ሁለት ጊዜ ያጣራሉ። ከዚያ ሰዓቱን ስልኩ ላይ ይሞሉና የወጣውን በሰማያዊ ደብተራቸው ይገለብጣሉ። አንድ ሰው፣ አንድ ገጽ። ሠላሳ ስምንት ሰው ሞልቷል።

የዓይናቸው ነገር ግን እየባሰ ሄደ። አንድ ማለዳ ገመድ ላይ የተሰጣውን የፈውዚያን ጥቁር አባያ «አካም ቡልቴ» ብለው እንደምን አደርሽ አሉት። አባያው አልመለሰም። ለሁለት ቀን ፈውዚያን አኮረፏት።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፣ ጠዋት ገብተው ከሰዓት ይወጣሉ ብሏቸው ነበር። እምቢ አሉ። ሳተርን አሥራ ሁለተኛው ቤታቸው ውስጥ ተቀምጧል፤ ሆስፒታል ከገቡ አይወጡም። የዕድር ሽማግሌዎች መጥተው ለመኗቸው። ደሊል ቢሾፍቱ ሆስፒታሉ ድረስ በነፃ ልውሰድዎ አላቸው። ፈውዚያ ማኩረፋቸውን ረስታ እያለቀሰች መከረቻቸው። ሁሉንም አዳምጠው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«እናትነሽስ ገብታ ወጥታለች?»

ባለቤታቸው እትዬ እናትነሽ ከአራት ዓመት በፊት ሆስፒታል በገቡ በሁለተኛው ቀን ነው ያረፉት።  ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሄዱ። ጋሽ ፈዬራ በዓይናቸው ላይ በር ዘግተው ተቀመጡ።

የስልኩን ጽሑፍ ማንበብ ሲያቅታቸው የማነብላቸው እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን ከሰዓት እያነበብኩላቸው ሳለ ያንቺንማ እስከ ዛሬ አላየሁትም አሉኝ። እናቴ የወለደችኝ ልክ በቀትር፣ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ቀኑን በወረቀት መልሰው ነገሩኝ፤ ሰዓቱን ስድስት በይ አሉኝ፤ ስድስት አልኩ። ክቡ ሥዕል ወጣ። ፀሐይ በስተምሥራቅ፣ ከአድማሱ ጠርዝ ላይ ልትወጣ ስትል ተሥላለች።

ያየሁት ወዲያው ገባኝ። ለመናገር ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በራቸው ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። በአራተኛው ቀን ገባሁ።

«ጋሼ፣ ሥዕሉ ላይ የኔ ፀሐይ ገና እየወጣች ነው።»

«እና?»

«እኔ የተወለድኩት ቀትር ላይ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች።»

ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት እንደሆነ፣ የኛን ስድስት ሰዓት ማለዳ ብሎ እንደወሰደው ነገርኳቸው። ሁሉም ሰው ስድስት ስድስት ሰዓት ተዛንፏል፤ ሰማዩ ደግሞ በስድስት ሰዓት ሦስት ቤት ይዞራል። ጋሽ ፈዬራ ሰማያዊ ደብተራቸውን ገለጡ። «ዓመቱን ደምሬ፣ ጳጉሜን ቆጥሬ» አሉ፤ «ሰዓትማ ሰዓት ነው ብዬ።» ከዚያ የእሳቸውን እንዳስተካክለው አዘዙኝ። የተወለዱት ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ስምንት ብዬ ሞላሁ።

ሳተርን ከአሥራ ሁለተኛው ቤት ወጥቶ ዘጠነኛው ገባ። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

«ዘጠነኛው የሩቅ መንገድ ቤት ነው» አሉ። መነጽራቸውን ጠረጉ። «ቢሾፍቱ ደግሞ ምኑ ሩቅ ነው።»

በሳምንቱ ይዣቸው ሄድኩ። ጠዋት ገብተው ከሰዓት ወጡ። የቀኙ ዓይናቸው በራ። የግራው ግን ግፊት በዝቶበት ከኋላ ያለው ነርቭ ሞቷል፤ ሐኪሟ ከሁለት ዓመት በፊት ቢመጡ ኖሮ አለቻቸው። አመስግነዋት ወጡ። ሚኒባሱ ሞጆ እስኪደርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያዩ ቆዩ። ስለ ዓይናቸው የሚያስቡ መስሎኝ ነበር።

«ሠላሳ ስምንት ሰው» አሉ።

በበነጋው በአንድ ዓይናቸው ሥራ ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት እኔ እሞላለሁ፣ እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ፤ ማምሻውን ደብተሩን ይዘው በየቤቱ ይሄዳሉ። ኮከብ ቆጣሪ ሞልቷል፤ የሰው ዕጣ ፈንታ ተሳስቼ ነበር ብሎ በር የሚያንኳኳ ግን ከጋሽ ፈዬራ ሌላ አላውቅም። ቆብ አውልቀው፣ ቆመው ይናገራሉ፤ ተቀመጡ ሲሏቸው እምቢ ይላሉ። አንዳንዱ ሳቀባቸው። አንዳንዱ መጀመሪያ የተባለውን ረስቶት ነበርና እሱን አስታውሰው ነው ያረሙለት።

ደሊል ማርስ ቤት መቀየሩን ሲሰማ፣ እንግዲህ ሚስማሩን ማን ላከው ብሎ ሊያበሽቃቸው ሞከረ።

«ሚስማር ነው» አሉት።

ፈውዚያ ዘንድ ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ። የባልሽ እህት ጠላትሽ አይደለችም አሏት። ፈውዚያ እንደ ልማዷ ሳቀች። «ጋሼ፣ እሺ ጠላትነቱ ቀረ፤ የሁለት ዓመቱን ሰላምታ ማን ይመልሰዋል?» አለቻቸው። ጋሽ ፈዬራ ቆባቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። ስንወጣ ፈውዚያ ስልኳን አንሥታ ቁጥር ስትነካ አየኋት፤ ሳይጠራ ዘጋችው።

ስለ እሳቸው ልጽፍ እንደፈለግኩ ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ደስታቸውን ለመደበቅ ግን ብዙ ተቆጡ። ግትርነቴን ጻፊ፣ ስንቱን እንዳጣላሁ ጻፊ፣ አትዘኝልኝ አሉ። አንድ ገጽ ብቻ ሳልነካ እንድተው ለመኑኝ።

ደብተሩ ውስጥ ሠላሳ ሰባት ገጽ ታርሟል። ያልታረመው የመጀመሪያው ገጽ ነው፤ የእትዬ እናትነሽ። ሆዳቸውን የጀመራቸው ሐሙስ ዕለት ነበር፤ ጋሽ ፈዬራ እስከ ሰኞ እንየው ብለው አቆዩአቸው። ካረፉ በኋላ አፑን ሲከፍቱ መጀመሪያ የቆጠሩት የባለቤታቸውን ነው፤ ጨረቃ አሥራ ሁለተኛው ቤት ውስጥ ተገኘች፣ ሆስፒታሉም ሞቱም ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ስድስት ሰዓቱን ልጨምርበት ስል ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

«የእሷን አትንኪው» አሉኝ። «ጨረቃዋ ከዚያ ቤት ከወጣች፣ ያቆየኋት እኔ ነኝ።»