የማለዳ አበባ ላኪዎች

በየማለዳው በስልክ የአበባ ሥዕል የሚልክላችሁ ሰው የለም? እኔ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ አሉልኝ። ለእድሩም፣ ለጸሎት ቡድኑም፣ ለእኔም «መልካም ቀን» የተጻፈበት ጽጌረዳ ይልካሉ፤ እኛም አሜን ብለን ያንኑ መልሰን እንልክላቸዋለን።

ሰሞኑን ስልኬ ሞልቶ አልሠራ አለ። ኮተቤ የምታስተምረው ልጃቸው ሰላም ልታጸዳልኝ መጣች።

«እትዬ፣ ይህ ሁሉ አበባ የሆነ ቦታ ማሽን ላይ ተቀምጦ ቀን ከሌት መብራት ይበላል። ማሽኑ እንዳይግል ደግሞ ውሃ ይፈልጋል» አለችኝ።

እንግዲህ ፍረዱ፤ እኛ ውሃ በፈረቃ እየጠበቅን አበባችን ያለ ፈረቃ ይጠጣል።

«ሁሉንም ላጥፋልዎት?» ስትል እጇን ያዝኩ። እዚያ ውስጥ የሟቹ ባለቤቴ ድምፅ አለ። አበባውን አንድ በአንድ እያጠፋን ፈለግነው፤ ከሰዓት በኋላ ተገኘ። «ዝናብ መጥቷል፣ ልብሱን አስገቢ» ይላል።

በማግስቱ አበባ አልመጣም። በምትኩ በሬ ተንኳኳ፤ እትዬ አልማዝ ነበሩ።

«ልጄ አበባ ከለከለችኝ። እንዴት አደርሽ ለማለት በእግሬ መጣሁ» አሉ።

ከሐዘኑ ወዲህ ቤቴ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። ተቀመጡና ድምፁን አብረን ሰማነው። ውጭ ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ እሳቸው ግን ተነሥተው በመስኮት የልብስ ገመዱን አዩልኝ።