ኖራና የሐር ካልሲ

በሰው ገላ ላይ ካለው ነገር ሁሉ እንደ ሴት ፀጉር አዛዥ የበዛበት አላየሁም። ልጆች ሳለን መሐል አናታችንን ላጭተው ዙሪያውን አስቀሩልንና ሳዱላ አሉን። ለአቅመ ሔዋን ስንደርስ «አሳድጊው» ተባልን፤ አሳደግነው። ዘመድ ሲሞትብን «ተላጪ» ተባልን፤ ተላጨን። ቅንድባችን ወፈረ ሲሉን አቀጠንነው። ወንድ በበኩሉ ጺሙ ደረቱ ላይ ቢወርድ ግርማ ሞገስ አለው ይባላል፤ ጭራሹን ባይበቅልለትም ፊቱ የልጅ ነው ይባላል፤ በሁለቱም አትራፊ ነው። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ብሎ የሚተርት አገር፣ ነገሩ የሴት ፀጉር ሲሆን ግን ተረቱን ይረሳዋል።

ጌጥ የምጠላ መሰልኋችሁ እንዴ? አይደለሁም። ኩል ተኩያለሁ፤ እንሶስላ ሞቄያለሁ፤ ድዴን ስነቀስ የጮኽሁትን ጩኸት አፍንጮ በር በሙሉ ሰምቶታል። ነገር ግን ወድጄ ነው የጮኽሁት። ሴት ራሷን ስታስጌጥና ሰው እንደ ጎደሎ ዕቃ ሲያርማት አንድ አይደለም፤ ይህን ለመለየት ፊደል መቁጠር አያሻም፤ የሴቲቱን ዓይን ማየት ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ ትእዛዝ ነፃ ወጥቶ ይኖር የነበረው እግር ብቻ ነው። ቀሚሳችን ምድር ይጠርግ ስለነበር የሴት ቅልጥም ማንም አያየውም። ቢታይም ሲታጠብ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን የሚታየው የአራዳ ጭቃ ነው። የድሮ ሴቶች እንዲያውም ቅልጥሟ ላይ ፀጉር ያላት ልጃገረድ ገደኛ ናት፣ የገባችበት ቤት ይሞላል ይሉ ነበር። እውነት ይሁን ሐሰት እኔ አላውቅም። የእኔ እግር እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው፤ ቤቴም አልሞላም።

ነፃነቱ ያበቃው ቀሚስ ማጠር ሲጀምር ነው። የማወጋችሁ ዛሬ ፒያሳ የምትሉት ሰፈር አራዳ ብቻ ይባል በነበረበት ጊዜ የሆነውን ነው። ገበያው ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ይውላል፤ ከገበያው ወዲህ የግሪኩ፣ የአርመኑ፣ የሕንዱ ሱቅ ተደርድሯል። በመስኮቶቻቸው አጭር ቀሚስና የሸረሪት ድር የመሰለ ረጅም የሐር ካልሲ ተሰቅሎ እናይ ነበር። መጀመሪያ ሳቅንበት። ቀጥሎ ዝም ብለን አየነው። ብዙም ሳይቆይ የእኛው ሴቶች ለብሰውት በመንገዱ ሲያልፉ የሚስቅ ጠፋ።

አስካለ ባልንጀራዬ ናት። አባቷ በገበያው ጨው ይሸጣሉ፤ ቤታችን አጥር ለአጥር ስለነበር ከልጅነታችን ጀምሮ ውኃ አብረን ነው የቀዳነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን ልጅ ነበረች። ቅልጥሟ ላይ ጥቁር ለስላሳ ፀጉር ነበራት። እሷ አታውቀውም፤ እኔም አላየሁትም። ዓይን ላይ ያለውን ሽፋሽፍት ማን ያስተውለዋል? አንድ ቀን ጠበል ስንጠመቅ ግን እማሆይ ወለተ ሥላሴ የሚባሉ መነኩሲት አዩትና «ይህች ልጅ ገደኛ ናት፤ የማን ናት?» ብለው ጠየቁ። ለልጅ ልጃቸው ሊያጯት አስበው ኖሯል። የልጅ ልጃቸው አቶ ተሰማ ፈረንሳይኛ የተማረ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነ፣ ከፊቱ ይልቅ ጫማው የሚያበራ ጎልማሳ ነው። ሽማግሌ ተላከ፤ እሺ ተባለ፤ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ምን አወጋችሁ ነበር? አቶ ተሰማ እኅት አለችው።

ወይዘሮ ብርቅነሽ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ባሏ ነጋዴ ነው፤ እሷም የሱቁን ሁሉ ደጃፍ ታውቀዋለች። ወንድሟ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ግብዣ መቀመጥ ስለጀመረ፣ ሚስቱ ስትታይ ሰው እንዳይስቅባት ትፈራለች። ለሠርጉ አጠር ያለ ቀሚስና አንድ ጥንድ የሐር ካልሲ ይዛ መጣች። አስካለ ስታጠልቀው እኔም እናቷም ነበርን። ፀጉሩ ከሐሩ ሥር ተኝቶ ጥርት ብሎ ታየ።

«ይኼማ አይሆንም» አለች ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ የሰው ነውር እንዳየች ሁሉ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መነሣት አለበት።»

«እማሆይ እኮ ይህንኑ ወደው ነው የመረጧት» አለች የአስካለ እናት ፈራ ተባ እያለች።

«እማሆይ ግብዣ አይሄዱም።»

አስካለ አንዴ እናቷን፣ አንዴ እግሯን ታያለች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት የለም። አንዷ ፀጉሩ እንዲቀር፣ ሌላዪቱ እንዲነሣ ትፈልጋለች፤ ባለ እግሯ ግን ከክርክሩ ውጭ ቆማለች። በማግስቱ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ።

«ድሮም እንዲህ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«እግሬ። እንዲህ አስቀያሚ ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?»

ዐሥራ ሰባት ዓመት ተሸክሟት የኖረ እግር ባንድ ቀን ነውር ሆነባት።

እንዴት ይነሣ የሚለውን ወይዘሮ ብርቅነሽ ታውቅ ነበር። የአንዲት የውጭ አገር ሴት ገረድ፣ እመቤቷ ኖራና አንድ ሌላ ዱቄት ቀላቅላ እንደምትቀባ አይታ ነግራታለች። ሌላው ዱቄት ምን እንደሆነ፣ የኖራው ማቃጠልም እንዴት እንደሚበርድ ገረዲቱ አላየችም። እኛ ደግሞ አንድ ነገር እኩሌታውን ከሰማን ይበቃናል። በየቦታው የድንጋይ ቤት ይሠራ ስለነበር ኖራ እንደሆነ አልጠፋም። ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ወይዘሮ ብርቅነሽ አስካለን ቤቷ ወሰደቻት፤ ብቻዋን።

ወደ እናቷ ቤት ከተመለሰች በኋላ ልጠይቃት ስሄድ አስካለ መደብ ላይ እግሯን በኮባ ቅጠል ላይ ዘርግታ፣ እናቷ ለጋ ቅቤ ስትቀባት ደረስሁ። ቅልጥሟ እዚህ ተልጧል፣ እዚያ ውኃ ቋጥሯል፣ ሌላው ቦታ እንደ አመድ ነጥቷል። እናቷ ታለቅሳለች። አስካለ አታለቅስም።

«ያቃጥላል ስላት ‘ቻይው’ አለችኝ» አለች። «ቻልሁት።»

ቻይው! ሴትን ከዚህ ቃል ጋር የማያገናኛት ጉዳይ የት አለ? ምጥ ሲይዛት ቻይው፣ ባል ክፉ ሲሆንባት ቻይው፣ አሁን ደግሞ ለካልሲ ቻይው። ያን ዕለት ወይዘሮ ብርቅነሽን ባገኛት ምን እንደማደርጋት አላውቅም ነበር።

ሠርግ ግን አይቆምም። ጠጁ ተጥሏል፣ ሰንጋው ተገዝቷል፣ ጾሙም እየቀረበ ነው። ሙሽራዪቱን ቁስሏ ላይ ካልሲውን አጥልቀው፣ በበቅሎ አስቀምጠው አራት ኪሎ አጠገብ ወዳለው የሙሽራው ቤት ወሰዷት። እኔ አጃቢዋ ነበርሁ። በቅሎዋ በተራመደች ቁጥር አስካለ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ሰዉ «እንዴት ታፍራለች፣ ጨዋ ልጅ!» ይላል።

እዚያ ስንደርስ ማንም ያላሰበው ነገር መጣ። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ገበቴና ለብ ያለ ውኃ አዘጋጅተው ጠበቁን። «ቤቴን የምትሞላውን ልጅ እግር እኔ በእጄ ነው የማጥበው» አሉ። ማን እምቢ ይበላቸው? በጓዳ አስቀመጧት። የሙሽራው አክስቶች እልል እያሉ ከበቧት፤ ወይዘሮ ብርቅነሽ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆመች። እማሆይ ካልሲውን ሲስቡት ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ኖሮ ቆዳውን ይዞት ተነሣ። እልልታው በመሐል ተቆረጠ።

አንዷ አክስት ወደ ኋላ ሸሸች። «ደዌ ነው» አለች ሌላዪቱ በሹክሹክታ። ሦስተኛዪቱ ቃሉን በግልጥ ተናገረችው፤ «ቁምጥና!»

ይህ ቃል ያን ጊዜ ምን ያደርግ እንደነበር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በሽታው በዘር ይወረሳል ተብሎ ይታመን ነበር። ፀጉሩ የረገፈ፣ ገላው የነጣና የቆሰለ ሁሉ በዚያ ይጠረጠራል። አንዴ ከተባለ ሙሽራዪቱ በመጣችበት በቅሎ ትመለሳለች፤ እሷ ብቻ አይደለችም፣ ሁለት ታናናሽ እኅቶቿንም ከእንግዲህ የሚያጫቸው አይኖርም። የጨው ነጋዴው ቤት በዚያች ቅጽበት ሊዘጋ ነበር።

«ኖራ ነው! ኖራ ነው ያቃጠላት!» ብዬ ጮኽሁ። ማን ይስማኝ? እኔ የሙሽራዪቱ ወገን ነኝ። አስካለ በዐይነ ርግቧ ውስጥ አንገቷን ደፍታለች፤ ሙሽራ አይናገርም ተብላ ነው ያደገችው። ወደ ወይዘሮ ብርቅነሽ ዞርሁ። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች የአስካለን እግር ታያለች።

«ኖራ ነው» አለች በመጨረሻ። «የቀባኋት እኔ ነኝ።»

አክስቶቹ አላመኗትም። «ወንድምሽ እንዳይዋረድ ነው ይህን የምትዪው» አለች ትልቋ። «ኖራ ግድግዳ ይቀባል እንጂ ሰው ይቀባል? ልጄ፣ ደዌ በውሸት አይሸፈንም።»

ወይዘሮ ብርቅነሽ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ያች ኩሩ ሴት፣ በዚያ ሁሉ ዘመድ ፊት ቀሚሷን ገልጣ ካልሲዋን አወለቀች። ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የደረቀ ጠባሳ ነው፤ የአስካለ ቁስል ቢድን የሚመስለውን ይመስላል።

«አምና ነው» አለች። «እኔም ቁምጥና ይዞኛል በሉ እንግዲህ።»

ታውቅ ነበር ለካ። ያቃጠላትን እያወቀች ነው ለልጅቱ የቀባችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ «ምነው እያወቅሽ?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። «እኔ ስቃጠል አንድ ሰው ምን ሆንሽ አላለኝም» አለችኝ። «ነገሩ ለሁሉም እንዲህ መሰለኝ።» ከዚያ ወዲህ ልጠላት ሞክሬ አልሆነልኝም።

በዚህ መሐል አቶ ተሰማ ጫጫታውን ሰምቶ ገባ። የሁለቱን ሴቶች እግር አየ። ፊቱ ጠቆረ።

«ይህን አድርጉ ብዬ አዝዣለሁ እኔ?» አለ።

«አላዘዝህም» አለች እኅቱ ካልሲዋን በእጇ እንደያዘች። «አታድርጉም አላልህም። ደስ የሚልህን እኛ ስንገምት ነው የኖርነው።»

የተማረው ሰው የሚያበራ ጫማውን ያይ ጀመር። እማሆይ ብቻ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው «ሌላ ውኃ አምጡልኝ፤ ይህኛው በርዷል» አሉ። የሁለቱንም እግር አጠቡ፤ ሙሽራዪቱም በዚያ ቤት ቀረች።

ወሬው በአራዳ እስኪዳረስ ጊዜ አልፈጀም። እኔ በልቤ ደስ አለኝ፤ እንግዲህ ይህን የሰማች እናት ልጇን ኖራ ታስነካለች ብዬ አላሰብሁም። ከሠርጉ በኋላ አስካለን ልጠይቃት ስሄድ ቤቱ በሴቶች ተሞልቶ አገኘሁት። ከንፈር ይመጠጣል፣ ይታዘናል፣ ወይዘሮ ብርቅነሽ ትታማለች። ከሁሉም አብልጣ ያዘነችው ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጇን ይዛ የመጣች አንዲት ደርባባ ሴት ናት። ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ወደ ኋላ ቀረት አለችና ወደ አስካለ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ለመሆኑ ልጄ፣ ፀጉሩስ ጠፋልሽ?»

አስካለ ሴቲቱን አየቻት፤ ከሴቲቱ ጀርባ ቀሚሷን ወደ ታች ስባ የቆመችውን ልጅም አየቻት።

«ጠፋ» አለች።

«እሰይ፣ ተመስገን!» አለች ሴትዮዋ፣ ከልቧ ተንፍሳ። «በከንቱ አልቀረም።»