ጋታ ያለ እንግዳ

እንግዳ ተነሥቶ «በሉ እንግዲህ ልሂድ» ሲላችሁ ምን ትላላችሁ? «ቆይ እንጂ፣ ምን አስቸኮለህ» አይደል? እኔም የማውቀው ይህንን ነው። እኛ አገር ወረታ ልሂድ ማለት ጨዋታ እንደ አዲስ ሊጀመር ነው ማለት ነው። አንድ የቁሐር ሚካኤል ዘመዴ በቀደም ልሂድ ብሎ ተነሣና ደጄ ላይ እንደቆመ የሁለት ሰው ለቅሶ፣ የአንዲት ላም ምጥ አጫወተኝ። ምሳ በልቶ ሄደ።

ታዲያ ይህንኑ ጠባዬን ለጎረቤት ልጅ አስተምሬ ስንት ቀን እንቅልፍ እንዳጣሁ ልንገራችሁ።

እናኑ የጎረቤቴ ልጅ ናት። አጥራችን አንድ ነው። አዳምጣታለሁ እንዳትሉኝ፤ አጥሩ ነው የሚያሰማኝ። ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ግቢውን እየዞረች «ጋታ፣ ሃፍታ፣ ኦታ» ትላለች። ጠዋት ጋታ፣ ማታ ሃፍታ። አንድ ቀን አላስችል አለኝና ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«እንግሊዝኛ ነው እትየ። ‹አለብኝ› ማለት ነው።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።»

ተማሪ ቤት ያስተማሯት ረጅሙን፣ «ጋት ቱ»፣ «ሃቭ ቱ» የሚለውን ነው አሉ፣ ቃል በቃል። ፈረንጅ ሲያወራ ግን ሁለቱን ቃል ጨፍልቆ አንድ ያደርገዋል። ፈተና ላይ ብትጽፈው ይሰረዝባታል፤ ሲያወሩ ካልሰማችው ደግሞ ምን እንዳሏት አታውቅም። የቱ ይሻላል? እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ሴትዮ ገረመኝ። ግዴታም ያጥራል እንዴ? እኔ ላይ ያለው ማኅበር፣ ለቅሶ፣ የሩዝ አረም፣ አንዱም አጥሮልኝ አያውቅ።

ነገሩ ግን የጨዋታ አልነበረም። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሎጅ እንግዳ ተቀባይ ይፈልጋል። የቀረው ፈተና ከኃላፊዋ ከፈረንጇ ጋር በስልክ ማውራት ብቻ ነው። አባቷ ደግሞ ቁርጡን ተናግሯል፤ የሩዙ አጨዳ እስኪያልቅ ሥራ ካላገኘች ሐሙሲት ከተማ፣ አክስቷ ወፍጮ ቤት ትገባለች። ሐሙሲት ከፍቶ አይደለም። ልጅቱ ግን ወፍጮ ስትሰማ ፊቷ ከወዲሁ ዱቄት ይመስላል።

እኔ ደግሞ ሥራውን አገኘች ብዬ አውርቼ ነበር። ለሁለት ሰው ብቻ ነው የነገርኩት። ገበያ ስወጣ ዶሮ ሻጯ ሳትቀር እንኳን ደስ ያላችሁ አለችኝ።

የፈተናው ቀን ኔትወርክ ይሻላል ብላ እኔ ጓሮ ጌሾው ሥር ተቀመጠች። «ምን ልጠንቀቅ እትየ?» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ሰው አክብሪ፣ እንግዳ ልሂድ ሲል በአንድ ቃል አትልቀቂ አልኳት። ይህንን ብቻ ነው የተናገርኩት።

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋዋለች፤ ወሬው ሰመረላት። ሁለቱም ይሳሳቃሉ። እኔ ሩዝ እየለቀምኩ ነው፣ እንደው ለምክንያት። በመጨረሻ ፈረንጇ «አይ ጋታ ጎ» አለች። ገባኝ! መሄድ አለብኝ ነው ያለችው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግሊዝኛ ገባኝ። እናኑ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ያዣት ብዬ በእጄ ጠቀስኳት።

ያዘቻት። ገና ምን ተጫወትን፣ ምን አስቸኮለዎት ትላለች በእንግሊዝኛዋ፣ ኋላ እንደነገረችኝ። ሴትዮዋ ጋታ አለች። አሁንም ጠቀስኳት። የእናትዎ ጤንነትስ እንዴት ነው አለቻት። ሴትዮዋ ለሦስተኛ ጊዜ ጋታ ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እናኑ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እትየ፣ እነሱኮ ጋታ ካሉ ጋታ ነው።»

አሁን ነው የምትነግረኝ?

ከዚያ በኋላ ያለውን አትጠይቁኝ። ሩዙ ቢጫ ሆነ። አባቷ በረንዳ ላይ ማጭድ ይስላል፤ እሱ በሞረደ ቁጥር እኔ የቀረውን ማሳ እቆጥራለሁ። ገበያ መውጣት ተውኩ። ዶሮ ሻጯን ምን ልበላት? ከሁሉ የባሰው ግን አጥሩ ዝም ማለቱ ነው። ጋታ የለ፣ ሃፍታ የለ። ልጅቱ ልብሷን ለሐሙሲት ማጠፍ ጀምራለች። በቀዳዳው አየሁ።

አጨዳው ሊያልቅ ሁለት ማሳ ሲቀረው ተደወለ። ተቀጥረሻል፣ ሰኞ ግቢ። ፈረንጇ እንዲህ አለቻት አሉ፦ እንግዳ ይወድሻል፣ ግን መጀመሪያ የምትማሪው ነገር ጋታ ያለን ሰው ቁልፉን ተቀብለሽ መልቀቅ ነው። ሥልጠናው ሦስት ቀን ነው፤ አንዱ ቀን ሙሉ ዝም ማለት ነው መሰለኝ።

ሰኞ ጠዋት የባሕር ዳሩ ሚኒባስ መገንጠያው ላይ ጥሩምባውን ይነፋል። እናኑ ቦርሳዋን አንግታ ደጄ ላይ ቆመች። «በሉ እትየ፣ ጋታ ጎ» አለችኝ እየሳቀች።

እኔ ከእንግዲህ የሰው እንጀራ አልዘጋም። ምላሴን ነከስኩ። «በይ በሰላም ግቢ» አልኳት።

ልጅቱ አልተንቀሳቀሰችም። ሳቋ ጠፋ። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«ምነው እትየ፣ ቆዪ እንኳን አይሉኝም? ምን አስቀየምኩዎት?»

ምን ላድርግ? «ቆዪ እንጂ፣ ምን አስቸኮለሽ» አልኳት። ተቀመጠች።

የመጀመሪያው መኪና አመለጣት። ሁለተኛውም።