የጉሬዛ እዝን

ስሟን መጥራት ለእርሷም ለእኛም በማይበጅ በአንዲት አገር የሚኖር ሕዝብ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው ጉሬዛን በመውደዱ ነበር። ፍቅሩም እንዲያው የአፍ ብቻ አይደለም። ጉሬዛ በመንግሥቱ ማኅተም ላይ አለ። ሙሽራ ሲድሩ «እንደ ጉሬዛ ካባሽ አይውለቅ» ብለው ይመርቃሉ። ሰው ተቆጥቶ የአራዊቱን ስም ሁሉ እየጠራ ባላንጣውን ሲሳደብ እንኳ፣ ጉሬዛ ላይ ሲደርስ አፉን ይይዛል። በዚህ ሁሉ ፍቅር መካከል አንዲት ትንሽ እንከን ብቻ ነበረች፤ ሕዝቡ በሚረጋ ዘይት የተጠበሰ ቦምቦሊኖም ይወድ ነበር።

የሚረጋው ዘይት የሚጨመቀው ከዘንባባ ፍሬ ነው፤ ዘንባባው የሚተከለው ጫካ በተመነጠረበት ነው፤ ጫካው ደግሞ የጉሬዛው ቤት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በአገሩ አልነበረም። ነገር ግን ይህን እያወቁ ቦምቦሊኖውን መዋጥ ጉሮሮ ስለሚከረክር፣ ሊቃውንቱ መክረው ግሩም ሥርዓት አበጁ። ጫካ በተመነጠረ ቁጥር ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ቤቱን ላጣው ጉሬዛ ወግ ያለው ለቅሶ ያለቅስለታል። ያለቀሰ ይርበዋልና እዝን ይቀርባል። እዝኑ ቦምቦሊኖ ነው። ቦምቦሊኖው ዘይት ይፈልጋል፣ ዘይቱ መሬት ይፈልጋል፣ መሬቱ ሲመነጠር ደግሞ ለቅሶ ይጠራል። ሌላው አገር ከእርሻው ምርት ሲያፍስ፣ ያ አገር ከሐዘኑ ያፍስ ነበር።

የዚህ ለቅሶ ሙሾ አውራጅ ማንያህልሻል የምትባል ሴት ነበረች። ግጥሟ ድንጋይ ያስለቅሳል ይባልላታል፤ እሷም ይህን ስትሰማ አላፍር ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። ቤቷ ከከተማው ዳር፣ ከመጨረሻው የዝግባ ጫካ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት በሯን ስትከፍት ጉሬዛዎቹ ከዝግባው አናት ወጥተው፣ እንደ መሳፍንት ካባቸውን አንጠልጥለው ፀሐይ ሲሞቁ ታያለች። በዚያ ሰሞን አንዲቱ ወልዳ ነበር። ጨቅላው ገና ጥቁር አልጣለበትም፤ ከአናቱ እስከ ጭራው ነጭ ነው። ማንያህልሻል ፊቷን ሳትታጠብ ቆማ ታየዋለች። ስንት ጫካ አልቅሳ የሸኘች ሴት፣ ለጉሬዛ ከልቧ ያሰበችው ያኔ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

እንዲህ ባለ ጠዋት የዘይትና የአራዊት ሹም አስጠራት። ሁለቱን ሹመት ለአንድ ሰው መስጠት ወንበር ይቆጥባል ተብሎ ነበር።

«የዝግባው ጫካ ሊመነጠር ነው» አላት። «ግጥም አሰናጂ። ያለፈው ትንሽ ደረቅ ይል ነበር።»

«ጌታዬ፣ እነዚያ እኮ በሕይወት አሉ።»

«ታዲያ አስቀድመሽ ብትሰናጂ ምን ክፋት አለው? በጥድፊያ ጥሩ ግጥም አይወጣም።»

«በቁሙ ላለ ሙሾ አላወርድም። እነሱ ካለቁ ደግሞ ሌላ ጉሬዛ የለንም፤ ለማን ልናለቅስ ነው?»

ሹሙ አዘነ። ማዘን ከሥራ ድርሻው አንዱ ነበር።

«ማንያህልሻል፣ እኔ መጥረቢያ ይዤ የምዞር ሰው እመስልሻለሁ? እኔ የሕዝብ አሽከር ነኝ። ሕዝቡ በአፉ ያዝዘኛል፣ እኔ እቆርጣለሁ።»

«አፉ እኮ ጉሬዛ ይኑር ነው የሚለው።»

«እሱ የሚናገርበት ጊዜ ነው። እኔ የምሰማው ሲያኝክ ነው።»

«ባያኝክስ?»

«ባያኝክማ ጫካው ይቆማል። ምን ሆኜ እቆርጠዋለሁ?»

«ይማሉልኝ።»

ሹሙም በማኅተሙ ማለላት። ከወንዝ ማዶ ለተመነጠረው ጫካ በሚቀጥለው እሑድ ለቅሶ ተጠርቷል፤ በዚያ ለቅሶ ላይ ሕዝቡ ቦምቦሊኖውን ሳይነካ ከተነሣ፣ የዝግባው ጫካ ለጉሬዛዎቹ ይቀራል። ይህን የማለው ደግ ሰው ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ። ሕዝቡን ስለሚያውቅ ነው የሚሉት ግን ይበዛሉ።

ማንያህልሻል ብልሃት አላጣችም። የቀድሞ ሰዎች በለቅሶ ቤት የሚበሉት ንፍሮ ነበር። ንፍሮ ውኃና ጨው እንጂ ጠብታ ዘይት አይጠይቅም፣ ያጠግባል፣ ሲያኝኩትም ሐዘንተኛ ያስመስላል። ስለዚህ ቤት ለቤት እየዞረች እሑድ ንፍሮ እንብላ ስትል ለመነች። መጀመሪያ የገባችው ከጎረቤቷ ከእትዬ ደብሪቱ ዘንድ ነው፤ ለጉሬዛ በማልቀስ እትዬ ደብሪቱን የሚያህል አልነበረም።

«ንፍሮ?» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «ለጉሬዛ? ምነው ልጄ፣ የድሃ ለቅሶ ልታስመስዪው ነው?»

«እትዬ፣ አባትዎ የተሸኙት በንፍሮ አይደለም እንዴ?»

«አባቴ ካባ አልነበረውም።»

«ካባ ያላቸው እንዳያልቁ ነው እኮ የምለምንዎት። አንድ ቀን ብቻ። ጨቅላውን አይተውታል?»

እትዬ ደብሪቱ ጨቅላውን አይተውታል። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እሺ፣ አልነካም። ጉሬዛ ይሙት» ብለው ማሉ።

በዚያ አገር ከዚህ የከበደ መሐላ የለም። ጋሽ ወንድይፍራውም፣ በሆዳቸው ስፋት የአገሩ ኩራት የነበሩት፣ «ጉሬዛ ይሙት፣ አልቀምስም» አሉ። ከዳር እስከ ዳር ሰዉ ሁሉ ጉሬዛ ይሙት ሲል ዋለ። ማንያህልሻልም በዚያ ምሽት ደስ ብሏት ተኛች።

እሑድ ድንኳኑ ሞላ። በአንድ በኩል ንፍሮው በሰፌድ፣ በሌላው በኩል ቦምቦሊኖው በትሪ ተደረደረ። ሹሙ ጥቁር ለብሶ መካከል ተቀመጠ። ማንያህልሻል ተነሥታ እንዲህ ስትል አወረደች፦

ነጭ ካባ ደርባ ብትወጣ ከዝግባ፣
ሠርግ መስሎኝ ነበር፣ ነገሩስ የእንባ።

ሕዝቡ ደረቱን መታ። እሷም ያን ጊዜ፣ ማንም ሳያዛት፣ ፊቷን ወደ ሰዉ መልሳ ጨመረች፦

ጠላትሽ ማነው ብዬ ብጠይቃት፣
ጣታችሁን አይታ እንባዋ ቀደማት።

እንዲህ ያለ ለቅሶ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ሰዉ ጣቱን እያየ ተንሰቀሰቀ። «ጣታችሁን ስትል አንጀቴን በላችው» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው፣ ጣታቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ። ማንያህልሻል ይህን ስታይ ጫካው የዳነ መሰላት።

ለቅሶው ሲበርድ እዝኑ ቀረበ። ጋሽ ወንድይፍራው ከንፍሮው አንዲት ፍሬ አንሥተው፣ ሰው ሁሉ እንዲያይላቸው ከፍ አድርገው ዋጡ። ከዚያ በኋላ እጃቸው ወደ ትሪው ሄደ።

«ጋሼ፣ ምለው አልነበረም?» አለቻቸው።

«ንፍሮውን በልቻለሁ አይደል? ሐዘኑ በንፍሮው አለቀ። ይሄ ለራሴ ነው።»

«ጫካው እኮ ይቆረጣል።»

«በአንድ ቦምቦሊኖ?» አሉ በእውነት ተገርመው። «አንድ ቦምቦሊኖ ምን ዛፍ ይጥላል? ይልቅ እነዚያን ተቆጪ፣ ሁለት ሁለት የሚያነሡትን።»

ሁለት ሁለት የሚያነሡት ደግሞ ሦስት ወደሚያነሡት ጠቆሙ። አንዱ የተጠበሰው ተጠብሷል፣ ቢቀር ይደፋል፣ መድፋት ደግሞ ኃጢአት ነው አለ። ሌላው፣ ሰው ሁሉ ስለማለ የኔ አንዲቷ አትቆጠርም አለ። እንዲህ ያሰበው እሱ ብቻ ሳይሆን ሰው ሁሉ መሆኑ እንጂ፣ አሳቡስ ትክክል ነበር። ማንያህልሻል የመጨረሻ ተስፋዋን ይዛ ወደ እትዬ ደብሪቱ ዞረች። እትዬ ደብሪቱ አፋቸው ሙሉ ነበርና መልስ እስኪሰጧት ድረስ መጠበቅ ነበረባት።

«ልጄ፣ አትፍረጂብኝ» አሏት በመጨረሻ። «ግጥምሽ አንሰፈሰፈኝ። ባዶ ሆዴን እንዲህ ልንሰፍሰፍ እንዴ?»

ሹሙ ባዶውን ትሪ አስነሥቶ አሳየና ቆመ። «ሕዝቡ ተናግሯል» አለ። «ወይዘሮ ማንያህልሻልንም እናመሰግናለን። ከእንግዲህ በዘይቱ ቆርቆሮ ላይ ግጥሟ ይጻፋል፤ እንዲህ ያለ ዘይት ያላለቀሰ ሰው አይግዛው።» ሕዝቡ አጨበጨበ። ዘይቱም ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ተፈለገ፤ ሰው የሚያዝንበትን ዕቃ ሲገዛ ደግ የሆነ ይመስለዋልና።

የዝግባው ጫካ ለመውደቅ ሳምንት አልፈጀበትም። ማንያህልሻል በሯን ዘግታ መጥረቢያውን ሰማች። በመጨረሻ ከአገሩ ለቅሶ ሁሉ የሚበልጠው ለቅሶ ተጠራና፣ አሽከሮች መጥተው ወሰዷት።

ድንኳኑ ሞልቶ፣ ሰዉ ዓይኑን ለእንባ አሰናድቶ ሲጠባበቅ፣ ጉሬዛዎቹ መጡ። የሚወጡበት ዛፍ ስላጡ ድንኳኑ ጫፍ ላይ ወጡ፣ ካባቸውም በሐዘንተኛው ራስ ላይ ተንዘረፈፈ። ነጩ ጨቅላ ከእናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ ወደ ታች ያያል።

ሰዉ ተሸማቀቀ። «ምን ዓይነት ሥርዓት ማጣት ነው፣ ሰው ሐዘን ላይ እያለ» ተባለ። እትዬ ደብሪቱ ግን ሆዳቸው ስላልቻለ አንድ ቦምቦሊኖ ወረወሩላቸው። እናቲቱ አሸተተችው፤ ቅጠል እንጂ ሌላ አታውቅምና ጣለችው። ቦምቦሊኖው ጋሽ ወንድይፍራው ራስ ላይ ዐረፈ።

«እዝን ናቀች» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው፣ አንሥተው እየበሉት።

በዚያ አገር እዝን የናቀ ሐዘን ንቋል። ድንጋይ ያነሣው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ሁሉም ሌላው ነው ይላል። ጉሬዛዎቹ ከድንኳኑ ወርደው፣ ሜዳውን አቋርጠው፣ በዘንባባው ተርታ መካከል ገቡ። ይሮጣሉ እንጂ የሚሄዱበት አልነበራቸውም።

ሰዉ እንደ ገና ተቀመጠ። ሹሙ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ማንያህልሻል ዞረ።

«ይኸው፣ አሁን የሉም» አላት በትሕትና። «ጀምሪ።»

አልጀመረችም። የዘንባባውን ተርታ እያየች፣ ከንፈሯን ገጥማ ቆመች። ቢለምኗት፣ ቢቆጧት፣ ያለ ግጥም ለቅሶ ነውር ነው ቢሏትም አልተነፈሰችም። ስለዚህ እትዬ ደብሪቱ ተነሡና ግጥሟን ከቆርቆሮው ላይ እያነበቡ አወረዱት። ድምፃቸው ከእሷ ይሻላል ተባለ፤ የበላ ሰው ድምፅ ነውና። ሰዉም አለቀሰ፣ በላም፤ እዝኑ ግን አነሰው።

ሹሙ የሕዝቡን ጉዳት አይቶ ዝም አላለም። ከድንበር ማዶ ሰፊ ጫካ ያለው አገር አለ፤ በዚያም ብዙ ጉሬዛ ይኖራል፤ የሚያለቅስለት ግን አንድም ሰው የለም። ይህ ግፍ ሹሙን እንቅልፍ ነሣው። በማግሥቱም የሐዘን መልእክተኞች፣ ከመሬት ቀያሾች ጋር፣ ወደዚያ ላከ።